ሥራ ሳይለቁ ወደ ሥነ ልቦና መሸጋገር፦ የብሪታንያውን «ኮንቨርዥን» ማስተርስ በኢንተርኔት እንዴት መማር ይቻላል?

በሂሳብ አያያዝ ወይም በነርስነት ተመርቀው በብሪታንያ የሚኖሩ፣ አሁን ግን ልብዎ ወደ ሥነ ልቦና ያዘነበለ ከሆነ እንደገና ከመጀመሪያ ዲግሪ መነሳት የለብዎትም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተዘጋጀ ባለ 180 ክሬዲት ማስተርስ አለ፤ «ኮንቨርዥን» ይሉታል። በኢንተርኔት በትርፍ ጊዜ ሲማሩት ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል።

መጀመሪያ፣ አንድ ሳንቲም ከመክፈልዎ በፊት፣ ትምህርቱ የብሪታንያ ሥነ ልቦና ማኅበር ዕውቅና እንዳለው በማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ ያረጋግጡ። የዩኒቨርሲቲው ስመ ጥርነት ዋስትና አይሆንም። ዕውቅናው የሚሰጠው ለትምህርቱ ስለሆነ ስማቸው ከሚመሳሰል ሁለት ማስተርሶች አንዱ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ዕውቅና የሌለውን የጨረሰ ሰው «ጂቢሲ» የተባለውን የማኅበሩን መነሻ ብቃት አያገኝም፤ ያለ እሱ ደግሞ የክሊኒካል ሥነ ልቦና ዶክትሬት በር ዝግ ነው። ማስተርሱ ብቻውን ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት እንደማያደርግም ከወዲሁ ይወቁት። መጠሪያው በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ዶክትሬት ጨርሶ ኤችሲፒሲ በተባለው ተቆጣጣሪ አካል መመዝገብን ይጠይቃል።

ቀጥሎ ሰነድ ነው። የተመረቁት ኢትዮጵያ ከሆነ ትራንስክሪፕትዎን ቀደም ብለው ያስመጡ፤ ዘመን አቆጣጠሩንም ይመልከቱ። የልደት ዘመንዎ ፓስፖርቱ ላይ በፈረንጆች፣ የምረቃ ዓመትዎ ትራንስክሪፕቱ ላይ በእኛ ከተጻፈ በአሥራ አምስት ዓመትዎ የተመረቁ ይመስላሉ። አንድ መስመር ማብራሪያ ያያይዙ። በእንግሊዝ የነዋሪነት መስፈርቱን የሚያሟላ ሰው የመንግሥት የማስተርስ ብድር መጠየቅ ይችላል፤ ቀድሞ ማስተርስ ያለው ግን አያገኝም።

ሰው የሚደናቀፈው በስታቲስቲክስ ነው፤ ስለዚህ ትምህርቱ ሳይከፈት ይቅደሙት። ጃሞቪ የተባለውን ነፃ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ኮምፒውተርዎ ላይ ይጫኑና ይህን በቤትዎ ይሞክሩ። «ቀይ» የሚለውን ቃል በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ «ሰማያዊ»ን በአረንጓዴ፣ «አረንጓዴ»ን በቀይ እያደረጉ ሃያ ቃላት ይጻፉ። በሌላ ወረቀት ላይ ቃሉና ቀለሙ የሚስማሙ ሃያ ቃላት ይጻፉ። አማርኛ አቀላጥፈው የሚያነቡ አሥር ሰዎች ቃሉን ትተው የቀለሙን ስም ይጥሩ፤ እርስዎ በስልክዎ ሰዓት ይያዙ። ግማሾቹን ከአንዱ ወረቀት፣ ግማሾቹን ከሌላው ያስጀምሩ፤ አለዚያ ልምምድና ድካም ውጤቱን ያዛቡታል።

እኔ ስሞክረው እህቴ በሰማያዊ የተጻፈው «ቀይ» ላይ ስትደርስ አፏ ቀደማትና «ቀ…» ብላ ቆመች፤ ከዚያ ሳቀችና «ሰማያዊ» አለች። ጆን ሪድሊ ስትሩፕ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጥናት የለካው ይህችን መዘግየት ነው። ማንበብ ልማድ ሆኖብን ስለሚቀድም ቀለም መጥራታችን ይንቀራፈፋል። የእያንዳንዱን ሰው የሁለቱን ወረቀቶች ሰዓት፣ ማለትም አሥሩን ጥንድ ቁጥሮች፣ ጃሞቪ ላይ አስገብተው ለጥንድ መረጃ የሚሆነውን ቲ-ቴስት (ሁለት አማካዮችን የሚያወዳድር ስሌት) ያሠሩ። ከዚያ በኋላ «መላምት»፣ «አማካይ»፣ «ፒ-ቫልዩ» ሲባሉ ፊትዎ የሚመጣው የሚያውቁት ሰው እንጂ ባዶ ቀመር አይሆንም።

ለሳምንቱ ንባብ ቋሚ ሰዓት ይመድቡ። የሌሊት ፈረቃ ከሠሩ በማግሥቱ ጥናት አይያዙ፤ ጭንቅላት ውስጥ አይገባም። አንድ ጽሑፍ ሲጨርሱ መጽሐፉን አጥፈው በአማርኛ ጮክ ብለው ያስረዱት። የተንገታገቱበት ቦታ ያልገባዎት ነው።

የመመረቂያ ጥናትዎን ርዕስ ቀደም ብለው ይያዙ፤ እሱን የወደቀ ጂቢሲን ያጣልና። የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳያገኙ አንድም መጠይቅ አይበትኑ። የሚጠይቁት የአገር ልጆችን ከሆነ የስምምነት ቅጹን ወደ አማርኛ ይተርጉሙት፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰውና ሁለቱን ያስተያዩ። ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው። የአንዲትን ሴት ዕድሜ፣ ከተማና የምትሄድበትን ቤተ ክርስቲያን ከጻፉ ስሟን ባይጠሩም አንባቢ ያውቃታል፤ ከሦስቱ ሁለቱን ይሰርዙ።