ሜዲኬር የመለሰው የቴራፒ ሂሳብ እንዴት ተከፈለ

ሜሪላንድ በምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ የአንዲት እናት ሂሳብ ከሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን ከሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ተመልሶ መጣ። «ቀድሞ መክፈል ያለበት ሌላ ኢንሹራንስ አለ» ይላል። ባለቤታቸው ግን ጡረታ ወጥተዋል፤ እናታችንም ሜዲጋፕ፣ ማለትም ሜዲኬር የማይከፍለውን ቀሪ የሚሸፍን ተጨማሪ ኢንሹራንስ፣ ገዝተዋል።

ዕድሜው 65 የሞላ ሰው በራሱ ወይም በትዳር ጓደኛው ሥራ በኩል ኢንሹራንስ ካለው፣ መሥሪያ ቤቱም 20 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው፣ ቀድሞ የሚከፍለው የሥራው ኢንሹራንስ ነው። ሠራተኛው ጡረታ ሲወጣ የመክፈል ተራው ይገለበጣል፤ ሜዲኬር ቀዳሚ ይሆናል። መዝገቡ ላይ የነበረው የድሮው ተራ ነው።

ስለዚህ 1-855-798-2627 አብረን ደወልን። የኢንሹራንሶችን ተራ የሚያስተካክለው የሜዲኬር ማዕከል ነው። «እማማ፣ ባለቤትዎ ሥራ ያቆሙበትን ቀን ይንገሯቸው» አልኳቸው። ቁልፉ ያ ቀን ነው።

መዝገቡ ሲታደስ ሂሳቡን እንደገና ላክሁት። የዓመቱን ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው የሚከፍለውን) ጨርሰው ስለነበር ሜዲኬር ካጸደቀው ዋጋ 80 በመቶውን ከፈለ። ቀሪውን 20 በመቶ ሜዲጋፑ ሸፈነ። ለብቻው መላክም አላስፈለገም፤ ሜዲኬር ራሱ አስተላልፎታል። የክፍያ ማብራሪያው ላይ «ኤምኤ18» የሚለው ኮድ ይህንኑ ይናገራል። ኮዱ ከሌለ ማብራሪያውን አያይዛችሁ ለሁለተኛው ኢንሹራንስ ራሳችሁ ላኩ። እባካችሁ፣ ይህ ሳይጣራ ለአረጋውያን ቢል አትላኩባቸው።