ዓሣ በቲማቲም ስልስ፦ ቤት ውስጥ ስንሠራው የሚያበላሹብን ነገሮች

ጅማ ውስጥ ዓሣ ወጥ ቤት ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው የሥጋ ወጥ አሠራር ነው። ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ዓሣው ይገባል፣ ቲማቲሙ ይከተላል፣ ከዚያ ሁሉም አብሮ ይንተከተካል። ሲቀርብ ድስቱ ውስጥ ያለው ቀይ ውሃና የዓሣ ፍርፋሪ ነው። ስልሱ ለመብሰል ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፣ ዓሣው ሰባት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሁለቱን እኩል የጣደ ሰው አንዱን ማበላሸቱ አይቀርም።

ለአራት ሰው የሚበቃው ይህ ነው፦ 700 ግራም ፊሌቶ (አጥንቱ የወጣለት የዓሣ ሥጋ)፣ 1 ኪሎ በደንብ የበሰለ ቲማቲም፣ 2 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ 2 ቃሪያ፣ ግማሽ ሎሚ፣ ጨው።

ሙሉ ዓሣ በፊሌቶ ሒሳብ መግዛት

ቆሮሶ (ቲላፒያ) ጭንቅላቱ፣ አጥንቱና የሆድ ዕቃው ሲወጣ የሚተርፈው ሥጋ ሲሶ ገደማ ነው። ከ1 ኪሎ ሙሉ ዓሣ 300 ወይም 350 ግራም ብታገኙ ነው። ስለዚህ 700 ግራም ፊሌቶ የፈለገ ሰው ቢያንስ 2 ኪሎ ሙሉ ዓሣ መያዝ አለበት፤ ፊሌቶ ተወደደ ከማለት በፊት ይህን ማስላት ይሻላል።

ሙሉው ግን አንድ ጥቅም አለው፤ ትኩስነቱን አይደብቅም። ዓይኑ ያልጎደጎደና ያልደፈረሰ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት ወዲያው የሚመለስ መሆን አለበት። ከግልገል ጊቤ ግድብ በኩል የመጣም ቢሆን ቅርበቱ ብቻ ዋስትና አይሆንም፤ ያለ በረዶ በፌስታል ፀሐይ ላይ የዋለ ዓሣ ከየትም ይምጣ አይገዛም።

የጭቃ ሽታን በሎሚ ብዛት ለማጥፋት መሞከር

ብዙ ሰው ዓሣ የሚያስጠላው በዚህ ሽታ ነው፤ መፍትሔውም ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። ቆሮሶና አምባዛ አንዳንዴ ጭቃ ጭቃ የሚሉት ስለተበላሹ አይደለም። ሽታው የሚመጣው ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ከሚያመነጩት ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ዝናብ ደረቅ አፈር ሲነካ የሚሸተንም እሱው ነው። ጂኦስሚን ስብ ይወዳል፤ ስለዚህ የሚከማቸው ቆዳው ሥርና ፊሌቶው መሐል ለመሐል በሚሄደው ጠቆር ያለ ቀይ መስመር ላይ ነው።

እንግዲህ ዋናው መፍትሔ ቢላዋ ነው። ቆዳውን ግፈፉት። ከዚያ ፊሌቶውን ቆዳው የነበረበትን ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ቀዩን መስመር ግራና ቀኙን ሰያፍ ቆርጣችሁ እንደ ክር አውጡት። ከአንድ ፊሌቶ የሚወጣው ጣት የማይሞላ ነው፤ የሚያመጣው ለውጥ ግን ትልቅ ነው።

ሎሚውም ይረዳል፣ አሲድ ጂኦስሚንን ይሰብረዋልና። ግን የግማሽ ሎሚ ጭማቂና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ለ10 ደቂቃ በቂ ነው። በሎሚ ተዘፍዝፎ አንድ ሰዓት የቆየ ዓሣ ላዩ ወተት መስሎ ይነጣል፤ ያ ማለት አሲዱ እሳት የሚሠራውን ሥራ ጀምሯል ማለት ነው። ድስት ሲገባ ሁለተኛ እንደመብሰል ይሆንበትና እንደ ገለባ ይደርቃል፣ ይፈራርሳል። ከ10 ደቂቃ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጎ ማድረቅ።

ያልቀለጠ ዓሣ ድስት ውስጥ መክተት

ከፍሪዘር የወጣ ፊሌቶ ውሃውን የሚለቀው ስልሱ ውስጥ ነው። ማታ ፍሪጅ ውስጥ አውርዱት፤ ከቸኮላችሁ በፌስታል አስራችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ሙቅ ውሃ ግን ላዩን አብስሎ መሐሉን በረዶ ይተወዋል።

ሽንኩርቱን እንደ ዶሮ ወጥ ማቁላላት

ለዶሮ የሚሆን ጠቆር ያለ ቁሌት ዓሣን ይውጠዋል። እዚህ ሽንኩርቱ በዘይቱና በቁንጥር ጨው፣ በመካከለኛ እሳት ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ለስልሶ ብርጭቆ መምሰል ብቻ ነው ያለበት። ነጭ ሽንኩርቱ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆየ ይመራል። በርበሬና ቅቤም እዚህ ቦታ የላቸውም ባይ ነን። ኮረሪማ የግድ ካላችሁ በጣት ቁንጥር፣ ያውም ከወረደ በኋላ።

ጥሬ ስልስ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ቲማቲም አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃው ካልተነነ ጎምዛዛ ሾርባ ሆኖ ይቀራል። በክረምት የሚገኘው ደግሞ ይብስበታል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከውጭ አገር መመሪያ ላይ «15 ደቂቃ» የሚል ብታነቡ ሰዓቱን አትመኑት።

ቲማቲሙን ለሁለት ግመሱና የተቆረጠውን ፊት በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቁት፤ ልጣጩ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ድልሁ ከቲማቲሙ በፊት ሽንኩርቱ ላይ ገብቶ ሁለት ደቂቃ በዘይት ይጠበስ፤ ቀለሙ ወደ ሸክላ ሲጠጋ የቆርቆሮ ጣዕሙ ይጠፋል። ከዚያ ቲማቲሙ ይግባና ሳይከደን ከ25 እስከ 30 ደቂቃ፣ በክረምት እስከ 40 ይቀቀል። መድረሱን የሚነግራችሁ ማንኪያው ነው፦ የድስቱን ወለል ስትጭሩበት መንገዱ ወዲያው ካልተዘጋ፣ ጠርዙም ላይ ዘይት ብቅ ካለ፣ ደርሷል። ለእንጀራ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩለት፤ ቀጭን ስልስ እንጀራውን ያረጥበዋል። ለዳቦ ወይም ለሩዝ ሲሆን ግማሽ ስኒ ሙቅ ውሃ ይችላል።

አሁንም ከጎመዘዘ ሩብ የሻይ ማንኪያ ስኳር። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ቲማቲሙ አልበሰለም ማለት ነው፤ ጣዱት።

በነገራችን ላይ ያልተቀባ የብረት ወይም የሳሳ አሉሚኒየም ድስት ከቲማቲም አሲድ ጋር ብዙ ሲቆይ የብረት ጣዕም ይሰጣል። የማይዝግ ብረት ወይም የተቀባ ሰፊ ድስት ይሻላል። ስፋቱ የሚያስፈልገው ዓሣው አንድ ረድፍ ሆኖ እንዲተኛ ነው።

ዓሣውን ማማሰል

የበሬ ሥጋ ጅማት ስላለው በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል። የዓሣ ሥጋ ግን ንብርብር ነው፤ ንብርብሩን የያዘው ስስ ሽፋን ገና በትንሽ ሙቀት ይቀልጣል። ከዚያ በኋላ ማንኪያ የነካው ሁሉ ይለያያል። ስለዚህ ፊሌቶውን ሦስት ጣት በሚሆን ስፋት ቁረጡ፣ ስልሱ ላይ ደርድሩ፣ ከላይ በማንኪያ ስልስ አልብሱት፣ ቃሪያውን ጣል አድርጉ፣ ክደኑ። ከዚያ ማማሰያ አይገባም። ማነቃነቅ ካስፈለገ ድስቱን በጆሮው ይዞ ወዝወዝ።

እሳቱ ዝቅ ይበል። ከሰል ከሆነ በአመድ አዳፍኑት። የኤሌክትሪክ ምድጃ ቢጠፋም ትኩሳቱ ስለሚቆይ ሲደርስ ድስቱን አውርዱ። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ቁራጭ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይበቃል። ወፍራሙን ቁራጭ በሹካ ጫፍ ስትነኩት ንብርብሩ ከተላቀቀና መሐሉ መስታወት መምሰሉን ትቶ ከነጣ አውጡ። ሳይከፈት ሦስት ደቂቃ ያርፍ።

ለነገ ብሎ ሁሉንም ማብሰል

ስልሱ ብቻውን ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል፤ እንግዳ ሲመጣ ዓሣውን ጨምሮ በሩብ ሰዓት ማቅረብ ይቻላል። ዓሣ የገባበት ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ገብቶ በማግስቱ ማለቅ አለበት። ሲሞቅ ቁራጮቹን አውጡ፣ ስልሱን አንተክትኩ፣ ከዚያ መልሷቸውና እንፋሎት እስኪወጣቸው ክደኑ።