የክላሲካል ሙዚቃ ቀረጻ ሰምተን የተሰማንን ለሌላ አድማጭ እንዴት እናካፍል?

«በጣም ደስ ይላል» የሚል አስተያየት የሰማ ሰው ምን ያደርግበታል? ቀረጻውን ልስማው ወይስ ልተወው ብሎ መወሰን አይችልም፤ ቢሰማውም ጆሮውን የት ላይ እንደሚጥል አያውቅም። ጥሩ አስተያየት የሰሚውን ጆሮ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ያደርሰዋል፤ ሄዶ ሊያረጋግጠው ወይም ሊሞግተው የሚችለውን ነገር ይሰጠዋል። ከወዳጆቼ ጋር ተሰባስበን ቀረጻዎችን ማነጻጸር ከጀመርን ወዲህ ከሁሉ የከበደኝ ይኸው ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ስለ እርሱ ነው።

ለምሳሌነት የምጠቀመው የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባኽን የጎልድበርግ ቫሪዬሽኖች ነው። እ.ኤ.አ. በ1741 የታተመው ይህ ሥራ አሪያ በሚባል አጭር የዜማ ክፍል ይጀምርና ከዚያው ተነሥተው መልካቸውን የሚለዋውጡ 30 ክፍሎችን፣ ማለትም ቫሪዬሽኖችን፣ አልፎ ወደዚያው አሪያ ይመለሳል። ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ ሁለት ጊዜ በስቱዲዮ ቀርጾታል፦ በ1955 ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ከዚያም በ1981 ከመሞቱ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ አስቀድሞ። ሁለቱም የተቀረጹት ኒውዮርክ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረው የኮሎምቢያ ስቱዲዮ ነው። ሥራው፣ ተጫዋቹና ስቱዲዮው አንድ ሆነው ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋ ሌላ መለማመጃ ለጀማሪ አላውቅም።

1. አጭር ክፍል ምረጡ

ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይበቃል። እኛ የጀመርነው ከአሪያው ነው።

2. የድምፁን ከፍታ እኩል አድርጉ

ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ ክርክሩን ሁሉ የሚያበላሸውም ይኸው ነው። ከፍ ብሎ የተሰማ ቀረጻ ብዙ ጊዜ የተሻለ ይመስላል። ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ከፍታውን ራሱን ባናስተውል እንኳ ጆሯችን «ይህኛው ሞቅ ያለ ነው፣ ጥርት ያለ ነው» ብሎ ይፈርዳል። በስብስባችን ስለ አንድ ሲምፎኒ ሁለት ቀረጻዎች አምሽተን ከተከራከርን በኋላ፣ የማጉያውን ቁልፍ ብናስተካክለው ከልዩነቱ አብዛኛው ጠፋ። አንዱን ጥቂት አሰምታችሁ ወዲያው ሌላውን አሰሙ፤ ጎላ ያለውን ቀንሱ፤ ከዚያ ቁልፉን አትንኩ።

ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ከበቂ በላይ ነው። የስልክ ድምፅ ማጉያ ግን አይሁን፤ ዝቅ ያሉትን ድምፆች ይውጣቸዋል። በዚህ ሥራ ደግሞ ቫሪዬሽኖቹ የሚከተሉት የአሪያውን የላይ ዜማ ሳይሆን ባሱን፣ ማለትም በግራ እጅ የሚጫወተውን የታችኛውን መስመር፣ ስለሆነ፣ የግራ እጁን ያልሰማ ሰው ቫሪዬሽኖቹ ከአሪያው ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው ሊገባው አይችልም።

3. መጀመሪያ ያለ ብዕር፣ ቀጥሎ ከብዕር ጋር ስሙ

በሁለተኛው ጊዜ ደቂቃውንና ሰከንዱን እየጻፋችሁ ስሙ። ከእያንዳንዱ ሰዓት አጠገብ ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል።

4. ስሜቱን ወደ ተሰማው ነገር መልሱት

ዋናው ሥራ ይህ ነው። የ1981ዱን አሪያ ለሰማ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ቃል «ያረጋጋል» ወይም «ያሳዝናል» ነው። ስሜቱ እውነት ነው፤ ያላካፈላችሁት ያመጣውን ነገር ነው። ስለዚህ «ምን ሰምቼ ነው እንዲህ ያልኩት?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ከአራቱ በአንዱ ውስጥ ይገኛል፦ በፍጥነቱ፣ በድምፁ ጉልበት፣ ድምፆቹ በመያያዛቸው ወይም በመነጣጠላቸው፣ ወይም ከሁለቱ እጆች አንዱ ጎልቶ በመውጣቱ።

አሪያውን እንየው። በ1955ቱ ቀረጻ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ በ1981ዱ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በሁለቱም ጉልድ ክፍሎቹን አይደግምም፤ እንግዲህ ልዩነቱ የፍጥነት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዜማው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ባኽ በዜማው ዙሪያ የጻፋቸው ጥቃቅን ጌጦችም ሳያቆሙት ያልፋሉ። በሁለተኛው እያንዳንዱ ጌጥ ለብቻው ተለይቶ ይሰማል፤ በሁለት ድምፆች መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ የሚቀጥለውን ድምፅ እንድንጠብቀው ያደርገናል። «ያረጋጋል» በማለት ፋንታ «አሪያውን እጅግ አዘግይቶ፣ ጌጦቹን አንድ በአንድ እየለየ ስለሚጫወተው የሚቀጥለውን ድምፅ እየጠበቅሁ ነው የሰማሁት» ብትሉ፣ ሌላው አድማጭ ያንኑ ቦታ ሰምቶ «እኔን ግን አሰለቸኝ» ሊላችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ሁለታችሁም የምትነጋገሩት ስለ አንድ ነገር ነው።

የጣትን አነካክ ለመግለጽ የጣሊያንኛ ቃላት አትፈልጉ። ቆረጥ አድርጎ፣ ለዘብ አድርጎ፣ ረገጥ አድርጎ፣ ጎተት አድርጎ የሚሉት የእኛ አባባሎች ማንም የሚረዳቸው ናቸው። ጉልድ በፈጣኖቹ ቫሪዬሽኖች ድምፆቹን ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ ይለያያቸዋል ሲባል ሙዚቃ ያልተማረ ሰውም ምን እንደሚሰማ ያውቃል።

ከአንድ ቦታ ተነሥታችሁ በመላው ቀረጻ ላይ እንዳትፈርዱ ግን ተጠንቀቁ። «የ1981ዱ ዘገምተኛ ነው» የሚለውን አስተያየት ደጋግሜ እሰማለሁ። ጠቅላላው ርዝመት ይህን የሚደግፍ ይመስላል፤ የመጀመሪያው 38 ደቂቃ ገደማ፣ የኋለኛው 51 ደቂቃ ገደማ ነውና። ነገር ግን ባኽ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ጊዜ እንዲሰማ ምልክት አድርጎበታል፤ ጉልድ በ1955 ድግግሞሾቹን ሁሉ ሲተው በ1981 አንዳንዶቹን ተጫውቷል። ከልዩነቱ ከፊሉ የመጣው ከዚያ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው 25ኛው ቫሪዬሽን ነው፤ በሥራው ውስጥ እጅግ ሐዘንተኛ የሆነውን ይህን ክፍል ዘግየት አድርጎ የተጫወተው ወጣቱ ጉልድ ነው። የ1955ቱ ወደ ስድስት ደቂቃ ተኩል ሲጠጋ የ1981ዱ ከስድስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ አሪያውን ሰምታችሁ ከሆነ «አሪያው» በሉ።

የሰማችሁት ነገር ከማን እንደመጣም ለዩ፦ ከደራሲው ነው፣ ከተጫዋቹ ነው፣ ከመሣሪያው ነው ወይስ ከቀረጻው? ፖላንድ ተወላጇ ዋንዳ ላንዶቭስካ እ.ኤ.አ. በ1933 ይህንኑ ሥራ ፓሪስ ውስጥ ከፒያኖ በፊት በነበረው ባለ ቁልፍ መሣሪያ፣ በሃርፕሲኮርድ፣ ቀርጻዋለች። ከፒያኖ ወደ እርሷ የዞረ ሰው «ድምፁን ከፍና ዝቅ አታደርገውም» ብሎ ሊወቅሳት ይቃጣዋል። ሃርፕሲኮርድ ግን ክሩን ይቆነጥራል እንጂ እንደ ፒያኖ በመዶሻ አይመታውም፤ ጣት ቢጠነክርም ቢላላም የድምፁ ጉልበት እምብዛም አይለወጥም። ባኽም ሥራውን የጻፈው ሁለት ረድፍ ቁልፍ ላለው ሃርፕሲኮርድ ነው። ወቀሳው የመሣሪያውን ባሕርይ የሚመለከት ሆኖ ሳለ በተጫዋቿ ላይ መጫኑ ፍትሕ አይደለም። በአንጻሩ በጉልድ ቀረጻዎች ከጀርባ የሚሰማው ማንጎራጎር የራሱ የጉልድ ነው፤ አንዳንዱን አድማጭ ያበሳጫል፣ እኔን ግን የትኛውን መስመር በልቡ ይከተል እንደነበር ይነግረኛል።

ደራሲውና ተጫዋቹ አንድ ሲሆኑ ይህ መለየት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኢትዮፒክስ በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሲዲ ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ወደ ብዙ የውጭ አገር አድማጮች የደረሱትን የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን የፒያኖ ሥራዎች ውሰዱ። ምቱ ሲዘገይና ሲፈጥን ሥራው እንዲሁ ስለሆነ ይሁን ወይስ ያን ዕለት እጃቸው እንዲያ ስላለ የምናነጻጽርበት ብዙ ቀረጻ የለንም። እዚህ ላይ የሰሙትን ብቻ በትክክል መግለጽ ይሻላል፤ «ግራ እጃቸው እየጠበቀ ቀኝ እጃቸው ዘግይቶ ይደርሳል» ማለት በቂ ነው።

5. የትኛውን ቀረጻ እንደሰማችሁ ተናገሩ

የሥራው ስም፣ ተጫዋቹ፣ የተቀረጸበት ዓመትና እትሙ። እትሙ የተጨመረው ለከንቱ አይደለም። የ1981ዱ የጉልድ ቀረጻ በዲጂታልም በአናሎግ ቴፕም የተያዘ ነው፤ በመጀመሪያ የወጣው ከዲጂታሉ ሲሆን በ2002 ሁለቱን የጉልድ ቀረጻዎች ባጣመረው እትም ግን የአናሎጉ ተመርጧል። ስለዚህ «ድምፁ ይቆረቁራል» የሚልና «ድምፁ ለስላሳ ነው» የሚል ሁለት ሰው የጨዋታ ልዩነት ሳይኖር ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የኦርኬስትራ ሥራ ከሆነ መሪውንም ኦርኬስትራውንም ጥቀሱ፤ አንድ መሪ አንድን ሲምፎኒ በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ሊቀርጽ ይችላልና ዓመቱ ካልተጠቀሰ ሰሚው ሌላ ቀረጻ ይዞ ይመጣል።

6. አብራችሁ ስትሰሙ ሁሉም ጽፎ ሳይጨርስ ማንም አይናገር

መጀመሪያ የተናገረው ሰው የሌላውን ጆሮ ይመራዋል፤ በተለይ የሚከበር ሰው ሲሆን። እኛ ዘንድ የሚናገረው በዕድሜ ከሁሉ የሚያንሰው አስቀድሞ ነው፤ ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ የተለየ ነገር ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። ቡናው ከማዳመጡ በኋላ ይሁን። ስኒ ሲያርፍና ሲነሣ በሚሰማው ድምፅ የ25ኛው ቫሪዬሽን ለስላሳ ድምፆች ይጠፋሉ።

7. መውደዳችሁን በመጨረሻ፣ ግን ሳታፍሩ ተናገሩ

የሰማችሁትን ከገለጻችሁ በኋላ ፍርዳችሁን ሸሽጋችሁ አትቅሩ። እኔ ለምሳሌ ለአሪያው የ1981ዱን፣ ለመጀመሪያው ቫሪዬሽን የ1955ቱን እመርጣለሁ፤ በወጣትነቱ ያን ቫሪዬሽን ሲጀምር ያለው ፍጥነትና ንጽሕና ከአሪያው ጸጥታ በኋላ ድንገት ያነሣኛል። ሌላው በዚህ ካልተስማማ «የቱ ቦታ ላይ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ደቂቃውን ሲነግራችሁ አብራችሁ መልሳችሁ ስሙት፤ ከዚያ የላንዶቭስካን ወይም ሃንጋሪ ተወላጁ ፒያኒስት አንድራሽ ሺፍ በ1982 የቀረጸውን አስከትሉና ሦስተኛው ሰው በዚያው ቦታ ምን እንዳደረገ አወዳድሩ።