አሮጊቷ መስል ካር ምን ሆነች? ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

የ1968 ፎርድ ሙስታንግ ከገዛሁ አራት ዓመት ሆነኝ (ዓመቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሀበሻ ጓደኞቼ መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ "በዚህ ብር ቶዮታ አይገዛም ወይ?" እያሉ። አሁን ሰርግ በመጣ ቁጥር መኪናዋን የሚለምኑኝ እነሱው ናቸው።

ነገሩን የሚያጠብቁ ሰዎች ሙስታንግን መስል ካር አይሏትም። ለነሱ መስል ካር ማለት እንደ 1964ቷ ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው፤ መካከለኛ መኪና ላይ የትልቁን መኪና ሞተር፣ 389 ኪዩቢክ ኢንች ማለትም 6.4 ሊትር ገደማ፣ ሲገጥሙባት። ልክ ናቸው። የመኪኖቹ በሽታ ግን አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁሉንም አብሬ አወራለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ፤ ሞተሩን አትፍራ። አብዛኛው የሞተር ጣጣ በአንድ ቅዳሜና በትንሽ ዶላር ያልቃል። ኪስህን የሚያራቁተው ዝገትና ውሸት ነው።

ባጁ ኤስኤስ ይላል፣ ወረቀቱ ዝም ብሏል

የሼቭሮሌ መኪና፣ ሼቭሌ፣ ኤስኤስ 396 (ባለ 396 ኪዩቢክ ኢንች ሞተሯ፣ ኃይለኛዋ ዓይነት) ተብላ ቀረበችልህ፣ ዋጋዋም የኤስኤስ ነው። ባጅ፣ ማለትም አካሏ ላይ የሚለጠፈው የስም ምልክት፣ ግን በትንሽ ብር ይገዛል፤ በሁለት ቀዳዳ ይለጠፋል። መፍትሄው የሻንሲ ቁጥሯን ማንበብ ነው። ከ1981 በፊት 17 አሃዝ ያለው አንድ ወጥ ቁጥር አልነበረም፣ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ቋንቋ ነበረው። ከ1966 እስከ 1968 የተሠራች ኤስኤስ 396 ቁጥሯ በ138 ይጀምራል። ከ1969 ጀምሮ ኤስኤስ ተጨማሪ ምርጫ ሆነ፣ ስለዚህ ከቁጥሩ ብቻ አታውቀውም፤ የፋብሪካ ወረቀት ጠይቅ። ወረቀት ከሌለ የተራዋን ሼቭሌ፣ የማሊቡን፣ ዋጋ ክፈል። ጂቲኦ ከ1966 እስከ 1971 ከሆነች በ242 መጀመር አለባት። ሙስታንግ ላይ ደግሞ አምስተኛውን ምልክት እይ፣ የሞተሩ ፊደል እሱ ነው። በ1968 ሲ ከሆነ 289 ኪዩቢክ ኢንች ባለ ሁለት በርሜል (የአየር ጉሮሮ) ካርቡራተር፣ ጄ ከሆነ 302 ባለ አራት፣ ኤስ ከሆነ 390። የኔዋ ሲ ናት፣ ትሁት ናት።

ቀለሟ ያንጸባርቃል፣ ማግኔት ግን አይዛትም

ለስላሳ ጨርቅ የጠቀለልክበት ትንሽ ማግኔት ይዘህ ሂድ። የጎማዎቹን ዙሪያ፣ የበሮቹን ታች፣ የኋላውን መስታወት ግርጌ ዳስስ። ማግኔቱ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ላሜራው አልቆ ስቱኮ ነው የቀረው። ከዚያ ምንጣፉን ግለጥ፣ ጎንበስ ብለህም ሥሯን እይ። ሻጩ "ምንጣፉ ተለጥፏል፣ አይነሳም" ካለህ ለቡናው አመስግነህ ውጣ።

ዝናብ ሲዘንብ እግርህ ይርሳል

ይሄ እኔን ያቃጠለኝ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። መኪናዋን በነሐሴ ፀሐይ ገዛኋት። መስከረም ላይ ዝናብ ሲመጣ የሾፌሩ ምንጣፍ ኩሬ ሆነ። የበር ጎሚኒ ቀየርኩ። የፊት መስታወት ጎሚኒ ቀየርኩ። ኩሬው እንዳለ ነው! የዚያን ዘመን ሙስታንግ ከፊት መስታወቱ ሥር አየር የሚያስገባ ወንፊት አላት፤ ከወንፊቱ በታች ውሃ የሚወርድበት የተሸፈነ የላሜራ ገንዳ አለ። ቅጠል ገብቶ ይበሰብሳል፣ ርጥበቱ ላሜራውን ይበላዋል፣ ውሃውም መውጫውን ትቶ ቀጥታ ወደ እግርህ ይመጣል። ገንዳው ስለተሸፈነ ከውጪ ምንም አይታይም።

መፈተሻው ቀላል ነው። አንዱ በጎማ ቱቦ ወንፊቱ ላይ ውሃ ያፍስስ፣ አንተ የእጅ ባትሪ ይዘህ ዳሽቦርዱ ሥር ተኛ። ጠብ ካለ አለቀ። ጊዜያዊው መፍትሄ ቀዳዳው ላይ የሚለጠፍ የፕላስቲክ ክዳን ነው፣ ዕድሜ ያራዝማል እንጂ አያድንም። እውነተኛው መፍትሄ የላይኛውን ላሜራ የብየዳ ነጥቦች አንድ በአንድ ፈልፍሎ ማንሳት፣ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ መበየድ ነው። የዚህ ዋጋ ሲነገረኝ የሞተር ማደሻ ያህል ተሰማኝ። ከመግዛትህ በፊት የሻጩ ግቢ ውስጥ ሁለት ባልዲ ውሃ ማፍሰስ ግን ነፃ ነው። ቅር ካለው ይበለው።

ነዳጅ ቀድተህ ስትመለስ አትነሳም

ቀዝቃዛ ሆና በአንዴ ትነሳለች። አሥር ደቂቃ ካቆምካት በኋላ ግን እምቢ። መጀመሪያ ጆሮህን ስጥ።

ሞተሪኖው በደንብ ካዞረና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተህ፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ በሙቀቱ ፈልቶ ሞተሩን አስጥሞታል። አብዛኛው የዛሬ የአሜሪካ ቤንዚን እስከ 10 ከመቶ ኤታኖል አለበት፣ ከድሮው በቀላሉ ይፈላል። ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ረግጠህ ያዝ፣ ደጋግመህ አትርገጥ፣ ከዚያ አስነሳ። ለዘለቄታው ከካርቡራተሩ ሥር ሙቀት የማያሳልፍ ወፍራም ማስቀመጫ አስገባና የነዳጁን ቱቦ ከጋለው ብረት አርቀው።

ሞተሪኖው ቀጭ ብቻ ካለ ወይም እንደ ደከመው ሽማግሌ ካዞረ ግን ጉዳዩ ኤሌክትሪክ ነው። ባትሪ ከመግዛትህ በፊት የባትሪውን ገመዶች፣ በተለይ ከሞተሩና ከአካሉ ጋር የሚያያዘውን ኔጌቲቭ፣ ፈትተህ ጠርገህ እሰር። የጀነራል ሞተርስ መኪናዎች ላይ ሶሌኖይዱ (የሞተሪኖው ማብሪያ) ከሞተሪኖው ጋር ተጣብቆ ከጭስ ቧንቧው አጠገብ ስለሚቀመጥ ይጋገራል፤ የሙቀት መከለያ ይፈልጋል።

ዶጅ ወይም ፕሊመዝ ገዝተህ ቁልፉን ስታዞር ከተነሳች፣ ቁልፉን ስትለቅ ደግሞ ወዲያው ከጠፋች፣ አትጨነቅ። ከሞተሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ነጭ ሸክላ የመሰለች ባላስት ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ኃይል መቀነሻ) አለች። ስታስነሳ ኤሌክትሪኩ እሷን አልፎ ይሄዳል፣ ስትለቀው በእሷ በኩል ነው። ተቃጥላለች ማለት ነው። በደቂቃዎች ትቀየራለች።

ነዳጅ ስሰጣት ትደነግጣለች

መብራት አረንጓዴ ሆነ፣ ረገጥክ፣ መኪናዋ ግን አንድ ጊዜ ልትጠፋ ብላ ነው የምትሄደው። ሞተሩን አጥፋ፣ የአየር ማጣሪያውን አንሳ፣ ካርቡራተሩ ውስጥ እያየህ ነዳጅ መስጫውን በእጅህ ጎትት። ወዲያው ቤንዚን ፊጭ ማለት አለበት። ከዘገየ ወይም ከሌለ የማፍጠኛ ፓምፑ ጎማ ደርቋል። ፊጭ ካለ ወደ ማቀጣጠያው ሂድ፤ ካንዴላ፣ ዲስትሪቢውተር፣ ታይሚንግ። አንድ ወጥመድ አለ። የፊተኛው ፑሊ ሁለት ብረት ነው፣ መሃሉ ጎማ ነው። ጎማው ሲያረጅ የውጭኛው ቀለበት ይንሸራተታል፣ እሱ ላይ ያለው የታይሚንግ ምልክትም አብሮ ይሄዳል፣ አንተም ልክ አስተካከልኩ ብለህ ታበላሻለህ።

ትሞቃለች

የት ነው የምትሞቀው? ትራፊክ ውስጥ ቆማ ከሆነ አየር ነው የጎደላት፤ የቬንትሌተሩን ክላችና ዙሪያውን የሚከበውን መከለያ እይ፣ ብዙ ጊዜ ከዓመታት በፊት አንዱ አውልቆ ጥሎታል። ሀይዌይ ላይ ከሆነ ውሃው አይዞርም፤ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም የታችኛው ቱቦ በመምጠጥ ኃይል ይጣበቃል። የሀገር ቤት መካኒክ ቴርሞስታቱን ንቀልና ጣለው ይልሃል። እባክህ ተወው። ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ይዞራል፣ እውነተኛው በሽታም ይደበቃል። የጋለ ራዲያተር ክዳን አትክፈት፣ ይሄን ለማንም መንገር አያስፈልግም ብዬ ነበር፣ አንድ ዘመዴ ግን ከፈተው።

ጭሱ

ጠዋት ስትነሳ ለአፍታ ሰማያዊ ካጨሰች የባልቦላ ጎሚኒዎች ደርቀዋል፣ አያስቸኩልም። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶባታል፣ ቾኩን እይ። ነጭ ሆኖ የሚጣፍጥ ሽታ ካለው የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ነው፣ አቁም።

አንድ ጭስ ግን ብዙ ሰው ሞተር አስወርዶበታል። ወፍራም ነጭ ጭስ፣ የካምቢዮ ዘይት በየሳምንቱ ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። አውቶማቲኮቹ፣ እንደ ፎርድ ሲ4 ወይም የጀነራል ሞተርስ ቱርቦ 350፣ ሞተሩ በቱቦ አየር የሚስብበት፣ የማርሽ ቅያሬን የሚያግዝ ትንሽ ሞጁሌተር አላቸው። ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ሲቀደድ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት ይጠጣል። ቱቦውን ንቀል፤ ቀይ ዘይት ካረጠበው ሞጁሌተሩን ቀይር። በቃ።

ፍሬን፣ ጎማ፣ ሽታ

ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ከጎተተችህ የአንዱ ጎማ ሲሊንደር ያፈሳል ወይም የፍሬን ቱቦው ውስጡ አብጧል። ሁሉንም ቱቦ ባንዴ ቀይር። መኪናህ የ1966 ወይም ከዚያ በፊት ከሆነች ማስተር ሲሊንደሩ ምናልባት ባለ አንድ ክፍል ነው፤ አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ባለ ሁለት ክፍል አስገባ፣ ከሬዲዮና ከቀለም በፊት። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት አሃዞች አንብብ፤ 3412 ካለ የ2012 34ኛ ሳምንት ነው፣ ለመጣያ ነው። ሙስታንግ ውስጥ ቤንዚን ከሸተተህ ደግሞ የነዳጅ ታንኩ ጣሪያ ራሱ የሻንጣ ክፍሉ ወለል መሆኑን አስታውስ፤ የመሙያውን አጭር የጎማ ቱቦ ቀይር።

ምንም ሳትሆን ቆማ ታመመች

ሦስት ወር ጋራዥ ውስጥ በጨርቅ ሸፍነሃት ስትመጣ አትነሳም። ቤንዚኑ አርጅቶ ካርቡራተሩን ሙጫ አድርጎታል፣ ጎሚኒዎቹ ደርቀዋል። መፍትሄው መንዳት ነው፤ በሳምንት አንዴ፣ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። ዘይቷ ለአሮጌ ሞተር የተዘጋጀ፣ ዚንክ የበዛበት ይሁን። ሻንጣዋ ውስጥ ቺንጊያ፣ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ፣ አንድ ጀሪካን ውሃና የእሳት ማጥፊያ አኑር። እኔ ፎጣም እጨምራለሁ፣ የወንፊቱ ገንዳ ገና አልተበየደም።