ኳንተም አኒሊንግ ላይ ሰንሰለት ሲበጠስ፦ ከምልክቱ እስከ ቺፑ

ኳንተም አኒሊንግ ከብዙ አማራጮች የተሻለውን ለመፈለግ የሚያገለግል የኳንተም ኮምፒውተር ዘዴ ነው፤ ኩቢት ደግሞ መጨረሻ ላይ 1 ወይም -1 ሆኖ የሚነበብ የቺፑ መሠረታዊ ክፍል ነው። ኩቢቱ ሞልቶ ሳለ ማሽኑ እንዲፈታው የምትሰጡት ችግር ቺፑ ላይ አልገባ ይላል። ወይም ይገባና የሚመጣው መልስ የማይረባ ይሆናል። ያኔ ብዙው ሰው ሶፍትዌሩን ይጠረጥራል። እኔ ግን መጀመሪያ ኩቢቶቹ እንዴት እንደተያያዙ እዩ እላለሁ።

ምልክት፦ ትንሽ ችግር ብዙ ኩቢት ይበላል

ምክንያቱ የጎረቤት፣ ማለትም በቀጥታ የሚገናኙት ኩቢቶች፣ ማነስ ነው። በካናዳ የተመሠረተው የዲ-ዌቭ ኩባንያ 2000ኪው የተባለ ማሽን 2048 ኩቢት ነበረው፤ አንዱ ግን ቢበዛ ከ6 ጋር ብቻ ይገናኛል። ቺሜራ በሚባለው በዚህ አሠራር ሦስት ማዕዘን እንኳ በቀጥታ አይገኝም። ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ሦስት ተለዋዋጮች (ዋጋቸው የሚፈለግ የችግሩ ክፍሎች) እርስ በርስ ይያያዙ ካላችሁ፣ አንዱን በሁለት ኩቢት መወከል ግድ ነው። ሁለቱ እንዳይለያዩ አጥብቆ ማሰር ያስፈልጋል፤ ሰንሰለት የሚባለው ይህ ነው። ሁሉም ከሁሉም የተያያዙ 64 ተለዋዋጮችማ እያንዳንዳቸው 17፣ በድምሩ 1088 ኩቢት ይወስዳሉ።

መፍትሄው ጎረቤት ማብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ቀጣዩ የዲ-ዌቭ ማሽን አድቫንቴጅ፣ ፔጋሰስ በሚባል አሠራር የአንድን ኩቢት ጎረቤቶች ወደ 15 አደረሰ። አድቫንቴጅ 2 ዘፊር በሚባል አሠራር 20 አደረጋቸው። የኩቢቱ ቁጥር ግን ከ5000 በላይ ከነበረው ወደ 4400 ገደማ ወረደ። ቁጥር ለሚቆጥር ኪሳራ ይመስላል፤ ለእኔ ትክክለኛ ምርጫ ነው።

ምልክት፦ ሰንሰለቱ ይበጠሳል

የአንድ ተለዋዋጭ ኩቢቶች ግማሹ 1፣ ግማሹ -1 ካሉ እስሩ ላልቷል ወይም ሰንሰለቱ ረዝሟል። አጥብቁት፤ ግን ቀስ እያላችሁ። የግንኙነቶችን ጥንካሬ የምትሰጡት በቁጥር ነው፤ ማሽኑ የሚቀበለው የቁጥር ወሰን ግን ጠባብ ነው። ከ-1 እስከ 1 ነው እንበል። እስሩን የችግሩን ትልቁን ቁጥር 4 እጥፍ ካደረጋችሁት ሌላው ሁሉ ይጨመቃል፤ 1 የነበረው 0.25፣ 0.1 የነበረው 0.025 ይሆናል። ያን ያህል ያነሰ ልዩነት በመሣሪያው ስህተት ይዋጣል። ሰንሰለቱ አንዴም ሳይበጠስ መልሱ ከከፋ፣ አብዝታችሁ አጥብቃችኋል ማለት ነው።

ምልክት፦ ወረቀት ላይ የሚገባው ቺፑ ላይ አይገባም

የተወሰኑ ኩቢቶች በትክክል ስለማይሠሩ ተዘግተዋል። ችግሩን በሚሠሩት ኩቢቶች ካርታ ላይ እንደገና አስቀምጡ።

ምልክት፦ ግንኙነት ሲጨመር ኖይዝ (ኩቢቱን የሚረብሽ ሁከት) ይጨምራል

ይህ የቺፕ ነዳፊው ራስ ምታት ነው። ኩቢቱ ረዘም ያለ የኒዮቢየም ቀለበት ነው፤ ማያያዣው የሚቀመጠው ሁለት ቀለበቶች በሚገናኙበት ቦታ ነው። ብዙ ጎረቤት የሚፈልግ ቀለበት ብዙዎችን ማቋረጥ አለበት፤ ስለዚህ ይረዝማል። ሲረዝም ኢንዳክታንሱና ካፓሲታንሱ (ማግኔታዊና ኤሌክትሪካዊ ኃይል የመያዝ አቅሙ) ይጨምራል፣ ኩቢቱ የሚሠራበት የኃይል መጠን ይወርዳል፣ ማግኔታዊ ኖይዙም ይበረታበታል። ስለዚህ የግንኙነቱን ሥዕል መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ ማምረቻውም አብሮ መሻሻል አለበት። ዲ-ዌቭ በአድቫንቴጅ 2 ግንኙነቱን ጨምሮም የኃይል መጠኑን በ40 በመቶ እንዳሳደገ ይገልጻል።

ሌላም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ሌክነር፣ ሃውኬ እና ዞለር ኩቢቱ ተለዋዋጩን ሳይሆን የሁለት ተለዋዋጮችን ግንኙነት ይወክል አሉ። ያኔ ረጅም ሰንሰለት አያስፈልግም። ነገር ግን ለ64 ተለዋዋጭ 2016 ኩቢት ይፈልጋል፤ ጎን ለጎን ያሉ 4 ኩቢቶችን በአንድ ላይ የሚገዛ ማያያዣም መሥራት ያስፈልጋል።