ጉሎ ቅጠልና አንድ ደብተር፦ በሰፈራችሁ የነፍሳት ክበብ ለመጀመር

ሸረሪት ግድግዳ ላይ ስትታይ ልጆች ይጮኻሉ፣ ትልልቆቹ ጫማ ያወልቃሉ። መሀል ላይ ግን ጎንበስ ብሎ እግሯን የሚቆጥር አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ ጽሑፍ ለእሱ ነው። ለእሷም።

ስለ አገራችን እንስሳት ሲወራ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ይነሳሉ፣ ወሬው እዚያው ያልቃል። ንብ፣ ቢራቢሮ፣ ጉንዳን፣ ጥንዚዛ፣ ጊንጥ፣ ቀንድ አውጣ፣ የመሬት ትል የሚያነሳቸው የለም። ነገር ግን በዓለም ላይ ከሚታወቁት የእንስሳት ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት አከርካሪ የሌላቸው ናቸው። እነሱን አሳድጎ ለማየት ደግሞ ግቢም ሆነ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የኮንዶሚኒየም ክፍልም ይበቃል።

መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ እንስሳ

ክበብ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የሚያምረው እንስሳ ነው። ትልቅ ሸረሪት፣ ጊንጥ፣ የመስታወት ሳጥን፣ ፎቶ። እሱን ለጊዜው ተዉት። አምስት ወይም ስድስት ሰው ፈልጉና የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ይሁን፦ «ተራህ ሲደርስ ጠዋት ተነስተህ ቅጠል ትቆርጣለህ?» አዎ ያለ ይግባ። «እኔ ሐሳብ እሰጣለሁ» ያለውን በፍቅር ሸኙት።

ተማሪዎች ከሆናችሁ በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ወይም የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሥር መግባት ይሻላል። ክፍል ታገኛላችሁ፣ ኃላፊ መምህር ታገኛላችሁ፣ ዘበኛውም ቀዳዳ የበዛበት ካርቶን ይዛችሁ ስትገቡ አይጠራጠራችሁም። ሥራ የያዛችሁ ከሆነ እንደ ማኅበር በየወሩ ቤት ለቤት እየዞራችሁ ተገናኙ፤ ባለተራው ቡና ያፈላል፣ እያንዳንዱ ሰው በወሩ ውስጥ ያየውን አንድ ነገር ይናገራል። አንድ ብቻ፣ ንግግር የለም።

በመጀመሪያው ስብሰባ ሊቀመንበር፣ ምክትል ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ሒሳብ ሹም እያላችሁ ምርጫ አታካሂዱ። ብዙ ጥሩ ነገር የሚሞተው እዚያ ላይ ነው። ተራ የሚያወጣ አንድ ሰው፣ መዋጮ የምትይዝ አንዲት ሰው፣ በቃ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አለ፣ በእሱ መሠረት ተመዝግቦ ሕጋዊ ማኅበር መሆን ይቻላል፤ ግን ይህ ከድርጅት ድጋፍ ለመቀበል ስታስቡ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ስምም አያጣድፋችሁ። አንዱ ተነስቶ «ድር ቢያብር» ይባል ማለቱ አይቀርም።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጻፉ፦ በበዓል ማን ይመግባል? ፋሲካ ሲደርስ ግማሹ ሰው አገር ቤት ይሄዳል፣ በፈተና ሰሞን ተማሪው ይጠፋል። ትሉ ግን በዓል አያውቅም። የበዓል ተራ ያልተጻፈበት ክበብ የመጀመሪያውን ፋሲካ አይሻገርም።

ለመጀመር የሚመከረው፦ ጉሎ የሚበላው የሐር ትል

የሐር ትል ሁለት ዓይነት አለ እንበል። አንዱ የእንጆሪ ዛፍ (መልበሪ የሚባለው) ቅጠል ብቻ ነው የሚበላው፣ ዛፉ ከሌላችሁ አትድከሙ። ሌላው ኤሪ የሚባለው ነው፤ ዋና ምግቡ ጉሎ ነው፣ ጉሎ ደግሞ በየአጥሩና በየወንዙ ዳር ሞልቷል። አገር ውስጥ በሐር ላይ ምርምር የሚያደርገው አዳማ አካባቢ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ ስለ እንቁላልና ስለ ሥልጠና መጀመሪያ የሚጠየቀውም እሱ ነው። በትምህርት ቤት ወይም በቡድን ስም የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ መሄድ መንገዱን ያቀላል።

ትሉ የሚወደው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አዳማና ሐዋሳ ያላችሁ ብዙም አትቸገሩም። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጎንደር ያላችሁ ግን በተለይ በሐምሌና በኅዳር ሌሊት ብርዱ ያስቸግራችኋል። ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ትሉ ወዲያው አይሞትም፣ ግን መብላት ይቀንሳል፣ ዕድገቱ ይጓተታል፣ በሽታም ያገኘዋል። ቀላሉ ዘዴ ሙቅ ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ማታ ማታ ካርቶኑ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ከሰል ክፍል ውስጥ እንዳታስገቡ፣ ለትሉም ለእናንተም ጭሱ መርዝ ነው። እጣን የሚጨስበትና ቡና የሚቆላበት ክፍልም አይሆንም። ፍሊት የሚነፋበት ቤት ከሆነማ ባትጀምሩት ይሻላል፤ ለበረሮ የተነፋው ለትሉም ይደርሰዋል፣ ጎረቤት ክፍል የተነፋውም ጭምር።

ቅጠሉን ከመኪና መንገድ ዳር አትቁረጡ፣ አቧራና ጭስ አለበት። መድኃኒት ከሚረጭበት የአትክልት ማሳ አጠገብም እንዲሁ። ታጥቦ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ቅጠል የበላ ትል ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ከዚያ አንዱ ከሌላው እየተቀባበለ ያልቃል። ገና ለተፈለፈሉት ከጫፍ ያለውን ለስላሳ ቅጠል እየከተፋችሁ ስጡ፣ ሲያድጉ የበሰለውን ሙሉውን መስጠት ይቻላል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይበላሉ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ጀማሪ የሚሸነፈው በመጨረሻው ሳምንት ነው፤ ትሉ በሕይወቱ ከሚበላው ቅጠል ውስጥ አብዛኛውን የሚበላው ያኔ ነው፣ እስከዚያ ድረስ በአንድ ፌስታል ቅጠል የሚጠግቡት ትሎች በድንገት ሙሉ ቁጥቋጦ መላጨት ይጀምራሉ። ስለዚህ በመቶ ትል ጀምሩ። በሺህ አትጀምሩ።

የጉሎ ፍሬ መርዛማ ነው። ልጆች አብረዋችሁ የሚቆርጡ ከሆነ ቅጠል ብቻ እንዲነኩ፣ ፍሬ አፋቸው እንዳያስገቡ፣ ሲጨርሱ እጃቸውን እንዲታጠቡ ተቆጣጠሩ።

ትሉ አራት ጊዜ ቆዳ ይቀይራል። ሊቀይር ሲል መብላት ያቆማል፣ ራሱን ቀና አድርጎ ይደርቃል፣ የታመመ ይመስላል። አልታመመም፣ አትንኩት። ኩሱንና የደረቀውን ቅጠል በየቀኑ ጥረጉ። የለሰለሰ ወይም የጠቆረ ትል ካያችሁ ወዲያው አውጡና እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ሌሎቹን ከመንካታችሁ በፊት። ጉንዳን እንዳይወጣባችሁ የጠረጴዛውን እግር ውኃ በያዘ ጣሳ ውስጥ አቁሙት፤ ይህን የረሳ ሰው ጠዋት ባዶ ካርቶን ያገኛል።

እንደ ሙቀቱ ከሦስት ሳምንት እስከ አንድ ወር ገደማ ሲሆነው ትሉ ትልቅ ሆኖ መብላት ያቆምና ዙሪያውን መፈለግ ይጀምራል። ደረቅ ቅጠል ወይም ጭራሮ አስገቡለት፣ እዚያ ውስጥ ኩኩን የሚባለውን የሐር ቤቱን ይሠራል። የኤሪ ጥሩ ነገሩ የኩኩኑ አንድ ጫፍ ክፍት መሆኑ ነው፤ ክንፋሟ የእሳት እራት በራሷ ትወጣለች፣ ሐር ለማግኘት መግደል አያስፈልግም። እሷ ምንም ምግብ አትበላም፣ እንቁላሏን ጥላ በቀናት ውስጥ ትሞታለች። ባዶው ኩኩን በሳሙናና በሶዳ ተቀቅሎ ሲደርቅ እንደ ጥጥ ይፈተላል። እንዝርት የሚችሉ እናት ወይም አያት ካሉ ክበቡ ውስጥ አስገቧቸው፤ «ትል ቤት አስገባችሁ» ብለው የተቆጡ ሰዎች በዚህ ሲታረቁ አይቻለሁ። ደጅ ግን እንዳትለቋቸው። የዚህ አገር ዝርያ አይደሉም።

ገንዘብ የሚያመጣው ትል

መዋጮ ከቸገረ የኮምፖስት ትል ያዙ። ቀይ ነው፣ ትንሽ ነው፣ የወጥ ቤት ትራፊ በልቶ ለአበባና ለጎመን የሚሆን ጥቁር አፈር ያወጣል፣ ያም አፈር ይሸጣል። ሥሩ የተበሳ ፕላስቲክ ገንዳ፣ የተቀደደ ጋዜጣ፣ ጥቂት አፈር፣ ጨለማ ቦታ። እርጥበቱ ተጨምቆ ውኃው እንደወጣለት ጨርቅ ያህል ይሁን። የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላ ይወዳል። ሎሚ፣ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ሥጋ፣ በርበሬና ጨው የገባበት ወጥ አይሆንም። ከሸተተ ምግብ አብዝታችኋል ማለት ነው፣ ለጥቂት ቀን አቁሙ።

ሳታሳድጉ ማጥናት

ሁሉም ነገር ሳጥን ውስጥ መግባት የለበትም። መታጠቢያ ቤት ጥግ ላይ ያለችውን ሸረሪት ለአንድ ወር ብትከታተሏት፣ ድሯን መቼ እንደምትጠግን፣ ምን እንደምትይዝ፣ እንቁላሏን የት እንደምታደርግ ብትጽፉ ከብዙ መጽሐፍ የተሻለ ታውቃላችሁ። እግረ መንገዴን፣ ጠዋት ቆዳ ላይ የሚወጣው የሚያቃጥል ቁስል ሁሉ «ሸረሪት ሸናብኝ» ይባላል። ከዚያ ውስጥ የአንዳንዱ ጥፋተኛ ቀይና ጥቁር የሆነች ቀጭን ጥንዚዛ ናት፤ አንገት ላይ ስናደቃት ሰውነቷ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቆዳ ያቆስላል። ካረፈችባችሁ እፍ በሏት፣ አትጨፍልቋት።

ማታ ደግሞ ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወይም ገመድ ላይ ሰቅላችሁ አምፖል አብሩበት። ከዝናብ በኋላ ያለ ሞቃት ጨረቃ የሌለው ምሽት ምርጥ ነው። የእሳት እራት፣ ጥንዚዛ፣ ክንፍ ያለው ምስጥ ይመጣል፣ ፎቶ አንስታችሁ መብራቱን አጥፉና ይሂዱ። ቀን ቀን ከሆነ መስከረምና ጥቅምት የሚያክል የለም፣ አበባ አለ፣ ቢራቢሮ አለ። አዲስ አበባ ያላችሁ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሂዱ፣ ቡድን ሆናችሁ ስትመጡ አስቀድማችሁ አስታውቁ።

ወደ ቆላ ከወጣችሁ ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ሐምራዊ የእጅ ባትሪ ያዙ። ጊንጥ በዚያ ብርሃን ጨለማ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ከሩቅ አይታችሁ ተመለሱ፤ ረጅም ቦት ጫማ አድርጉ፣ ድንጋይ በእጅ አትገልብጡ፣ ጠዋት ጫማችሁን ሳታራግፉ አትልበሱ። ከተነደፈ ሰው ጋር መድኃኒት አዋቂ ፍለጋ አትዙሩ፣ መቁረጥና መምጠጥም የለም፣ ቀጥታ ጤና ተቋም።

ደብተሩ

ክበብን ከጨዋታ የሚለየው ይህ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ያያችሁት። ያሰባችሁትን ለብቻ ጻፉ፣ ካያችሁት ጋር አትቀላቅሉ። ፎቶ ስታነሱ ከላይም ከጎንም፣ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አድርጉ፣ መጠኑ ይታወቅ ዘንድ። አይናቹራሊስት የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ላይ ብታስገቡት ሌሎች አገር ያሉ አዋቂዎች ስሙን ለመለየት ያግዟችኋል፤ ቤታችሁ ውስጥ የተነሳ ከሆነ ትክክለኛውን ቦታ ደብቁ።

የደብተር ነገር ሲነሳ ተመራማሪው አክሊሉ ለማ ይታወሰኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያለው ውኃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አየ። እንዶድ ሲያጥብ፣ ቀንድ አውጣም ሲሞት ያየ ሰው ከእሱ በፊትም ይኖራል። እሱ ግን ቆሞ ጠየቀ፣ መረመረ፣ የቢልሃርዝያን ጥገኛ ትል የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንዶድ እንደሚገድል አሳየ። ለዚህ ሥራ ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝቷል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ጥብቅ ሕግ አለን፦ የሐይቅና የወንዝ ቀንድ አውጣ ለመሰብሰብ ማንም እግሩን ውኃ ውስጥ አይነክርም፣ በባዶ እጁም አይነካም። የቢልሃርዝያ ትል ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፣ ጣናና ሐዋሳ ዳርም በሽታው አለ። የየብስ ቀንድ አውጣ ማሳደግ ከፈለጋችሁ ግን እርጥብ አፈር፣ ሰላጣ፣ ለቅርፊቱ የሚሆን የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ስጡት፣ ከነካችሁት በኋላ ታጠቡ።

የማይደረጉ

ጊንጥ ቤት አይገባም። ንብ በረንዳ ላይ አይያዝም፣ የእኛ ንብ ከተቆጣ ጎረቤቱን ሁሉ ነው የሚያሳድደው፤ ንብ የወደደ ሰው ሆለታ ያለውን የንብ ምርምር ማዕከል ጠይቆ፣ ሠልጥኖ፣ ሰፊ ቦታ ይዞ ይጀምር። ከፓርክና ከጥብቅ ደን ያለ ፈቃድ ምንም አይነሳም፣ የሞተ ቢራቢሮም ቢሆን፤ የሚጠየቀው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ውጭ አገር ያለ ወዳጅ «አንድ ሁለት ጥንዚዛ ላክልኝ» ካላችሁ ያለ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ እንደማይሆን ንገሩት።

ሞቶ ያገኛችሁትን ነፍሳት ማስቀመጥ ይቻላል። ጠንካራውን በመርፌ ወግቶ በደረቅ ሳጥን፣ ለስላሳውን 70 በመቶ አልኮል ባለበት ብልቃጥ። ከእያንዳንዱ ጋር ቦታ፣ ቀንና ያገኘው ሰው ስም በእርሳስ ይጻፍ፣ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። ስሙን መለየት ያቃታችሁን ሰብስባችሁ አራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ያለውን የእንስሳት ሙዚየም ጠይቁ። ስትሄዱ ደብተሩን አትርሱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ «የት ነው ያገኛችሁት?» ብለው ነው።