አዲስ የወጣ ልብ አንጠልጣይ ወይም ፋንታሲ ልብ ወለድ እንዴት ይገመገማል?

መጽሐፉን ከለገሀርም ግዙት ከአራት ኪሎ፣ ንባብ ከመጀመራችሁ በፊት የመብት ገጹን እዩ። የመጀመሪያ እትም ነው ወይስ ድጋሚ? ወጥ ነው ወይስ ትርጉም? ውርስ ትርጉም ከሆነ ገጸ ባሕርያቱ አበበና አልማዝ ቢባሉም ሴራው የሌላ ደራሲ ነው፤ ለተርጓሚው የሚገባው ምስጋና የቋንቋው ብቻ ነው። የገጽ ቁጥሩንም ፈትሹ። መጽሐፍ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ እየታጠፈ ስለሚጠረዝ፣ ከ96 ዘሎ 113 ላይ ካረፈ አንድ እጥፋት ጎድሏል ማለት ነው። ይህን ሳያዩ «ታሪኩ ይቆራረጣል» ብሎ መጻፍ የማተሚያ ቤቱን ጥፋት ደራሲው ላይ መጫን ነው። መልሳችሁ አስቀይሩ።

ሁለት ጊዜ አንብቡ። መጀመሪያ እንደማንኛውም አንባቢ፣ ምንም ሳትጽፉ፤ የሰለቻችሁበትን ገጽ ብቻ በቁራጭ ወረቀት ምልክት አድርጉ። ሁለተኛውን በእርሳስ። ማድመቂያ ቀለም አልመክርም፤ በስሱ የአገር ውስጥ ወረቀት ላይ ወደ ጀርባው ይዘልቃል።

የልብ አንጠልጣይ ግምገማ የሚበላሸው ሁለተኛው ንባብ ሲዘለል ነው። የዚህ ንባብ ሥራ ንግር ፍለጋ ነው፤ ንግር በኋላ ለሚሆነው ነገር ደራሲው ቀድሞ የሚጥለው ፍንጭ ነው። ገዳዩ ግራኝ መሆኑ ገጽ 240 ላይ ከተገለጠ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ገጽ 31 ላይ ካፌ ተቀምጦ ማኪያቶውን በግራ እጁ ያማስል ነበር? ከነበረ ደራሲው ፍንጩን ዓይናችሁ ሥር አስቀምጦ አሳልፏችኋል፤ ትልቅ ችሎታ ነው። ፍንጩ የትም ከሌለ ግን ምስጢሩ የተፈታው በደራሲው ፈቃድ እንጂ በታሪኩ አይደለም።

ይህን ፍርድ ምስጢሩን ሳያወጡ መጻፍ ነው ከባዱ። የሚረዳ ልክ አለ፦ መጽሐፉ 280 ገጽ ከሆነ ከገጽ 70 በኋላ የሚሆነውን አትተርኩ። ከዚያ ወዲያ ስለ ድርጊቱ ሳይሆን ስለ አሠራሩ ጻፉ፤ «ችግሩን የሚፈታው እስከዚያ ድረስ ያላወቅነው ሰው ነው» ማለት ድክመቱን ያሳያል፣ ሰውየውን ግን አያጋልጥም። «መጨረሻው ፈጽሞ አይገመትም» የሚለውንም ተዉት። ሙገሳ ይመስላል እንጂ አንባቢው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሁሉንም እንዲጠረጥር ያደርገዋል፣ ድንገቴውም ይከሽፋል።

የከተማውን እውነታ መፈተሽም አትርሱ። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሀር የሚሮጥ ሰው ቁልቁል ነው የሚሮጠው። በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የከተማ ባቡር የሚሳፈር ገጸ ባሕርይ ካለ ስህተት ነው፤ አገልግሎቱ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በትርጉም መጻሕፍት ደግሞ ሰዓቱን ተጠራጠሩ። «ከምሽቱ 8 ሰዓት ላይ እራት በሉ» የሚል ካጋጠማችሁ ተርጓሚው የፈረንጁን ሰዓት እንዳለ ገልብጦታል፤ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው።

ፋንታሲ ሲሆን ጥያቄው ሕግ ነው። እያነበባችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር መዝግቡ፦ አስማቱ ምን ይችላል፣ ምን አይችልም፣ ተጠቃሚውን ምን ያስከፍለዋል። ጡዘቱ ላይ፣ ማለትም ግጭቱ ጫፍ የሚነካበት ቦታ ላይ፣ ስትደርሱ ወረቀቱን አውጡ። ጀግናው የሚድነው ወረቀታችሁ ላይ በሌለ ኃይል ከሆነ ሴራው ተሰብሯል። ከአገራችን እምነት የተወሰደ ሲሆን ጥንቃቄ ይጨመር። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል መባሉን አንባቢው ከልጅነቱ ሰምቷል፤ ደራሲው ይህን መቀየር መብቱ ነው፣ ግን ለውጡን ቀድሞ ማሳየት አለበት። በአንጥረኞችና በሸክላ ሠሪዎች ላይ ሲወርድ የኖረውን ስድብ ሳይመረምር መድገሙን ካያችሁም በግልጽ ጻፉት፤ ይህ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

የመጽሐፉ ምረቃ ላይ የሚነገረው ምስጋና እንጂ ሂስ አይደለምና የዚያኑ ማታ አትጻፉ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይደር። ከ400 እስከ 600 ቃል ይበቃል። ለእያንዳንዱ ወቀሳ የገጽ ቁጥር አያይዙ። መጽሐፉን ደራሲው በነፃ ሰጥቷችሁ ወይም ወዳጃችሁ ከሆነ የመጀመሪያው መስመር ላይ ተናገሩ። ከግርጌ ርዕሱን፣ ደራሲውን፣ የታተመበትን ዓ.ም.፣ የገጹን ብዛትና ዋጋውን አስፍሩ፤ የጀርባ ሽፋኑ ላይ የታተመውና የከፈላችሁት ከተለያዩ ሁለቱንም።